ያልጠራሁት ቁጥር

የሰደበኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት።

በአባታችን የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ልቁጠርላችሁ? ጫማ ሰፊው ነበር። ሰማያዊ ጃንጥላ የያዘችው ጎረቤታችን ነበረች። የአክስቴ ባል ነበር፤ እሱማ ሳቁን ሳል አስመስሎ በመሐረቡ ዋጠው።

"ይሄ ድሮም ጭንቅላቱ ሰጋቱራ ነው" አለ ወንድሜ፣ በሁሉም ፊት። "የገዛ እናቱን ለክቶ መጥራት አቃተው።"

መዶሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ስድቡ አይደለም። ማለት... ስለ ስድቡም ነው።

በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ አሳምሬ መዋሸት አልችልበትም። ደግሞ በውድቅት ሌሊት የሆነ ነገር አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃው ወለል ብሎ በተከፈተ ክፍል ውስጥ ነው የሆነው።

ለዚህ ነው ሰው ማታ ሲፈራ እኔ ቀን የምፈራው።

መጀመሪያ የሥራችንን ነገር ልንገራችሁ። ያለ እሱ አይገባችሁም።

አባታችን መጻፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ በእኛ ቤት ልክ አይጻፍም። አንዱ ይለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። መጋዝ የያዘው ይደግመዋል። የለካው "ያዝ" ይላል። በቃ።

"ያዝ" ከተባለ በኋላ ቁጥሩ የቆራጩ ነው። የለካው ከጭንቅላቱ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ለሚቀጥለው ቦታ እንዲኖረው።

"ሁለት ሰው አንድ ቁጥር አይሸከምም" ይል ነበር አባታችን። "ሁለት ሰው ከተሸከመው መንገድ ላይ ይጣላሉ።"

እኔ ለኪ፣ ወንድሜ ቆራጭ። ከልጅነታችን ጀምሮ። ልምዱ ከእኛ ጋር እቤት ድረስ ገብቷል። "እማዬ ትጠራሃለች" ስለው "እማዬ ትጠራኛለች" ብሎ ይደግማል። እኔም "ያዝ" እላለሁ። እናታችን በዚህ ትስቅ ነበር...

ትስቅ ነበር ይባላል።

እሷ ስትሞት ሳጥኗን ለሌላ ሰው አልሰጠንም። እኔ ለካሁ። ጠራሁ። ወንድሜ ደገመ። "ያዝ" አልኩ። ቆረጠ።

ሳጥኑ አራት ጣት አጠረ።

ሌላ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም። እናቴ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ሄደች።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለው አንድ ነገር ነው። በትክክል ለክቻለሁ፣ በትክክል ጠርቻለሁ፤ የተሳሳተው መጋዙ ነው። ለዚህም ምስክሬ ቁጥሩ ራሱ ነው። በሕይወቴ ጠርቼ የጣልኩት ቁጥር ስፍር የለውም። የእናቴን ግን "ያዝ" ብዬም አልጣልኩትም። አፌ ሰጠ፣ ጭንቅላቴ እንቢ አለ።

ስንት ነበር እንዳትሉኝ። እዚህም አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ሚስት የምሠራበት ቦታ መጣች። እኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ በር እሠራለሁ። የአባቴ ቤት ለታላቁ ሆነ፤ ለሰጋቱራው አንድ አሮጌ መላጊያ ደረሰው።

"ወንድምህ እየረሳ ነው" አለችኝ፣ ሳትቀመጥ።

"ምኑን?"

"ትናንት መጋዙን አንስቶ 'ይሄ ጥርስ ያለው ምንድን ነው?' አለኝ።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"የእኔንም ስም ረስቶታል። 'አንቺ ደግ ሴትዮ' ነው የሚለኝ። ሠላሳ ዓመት አግብቶኝ ደግ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ይኸው ሲረሳኝ አለኝ።" በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "አንተን ግን ይጠራሃል። 'ሚስማርን ጥሩልኝ' ይላል።"

ሚስማር እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ቀጭን ስለነበርኩ ያወጡልኝ ነው።

እውነቱን ልናገር። የደነገጥኩት ወንድሜ ሊረሳኝ ነው ብዬ አይደለም። የሰደበኝን ሊረሳው ነው ብዬ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ይቅርታ ስጠብቅ፣ ይቅርታ ጠያቂው ከነጥፋቱ ሊያመልጠኝ።

ስለዚህ ሄድኩ።

የገባሁት ሰኞ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ንጹሕ እጅ። ጥፍሩ ውስጥ ኮላ የለም፣ ሰጋቱራ የለም። የአናጺ እጅ ሲጸዳ ያስፈራል።

"ሚስማር?"

"አቤት ጋሼ።"

"የት ጠፋህ? ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩህ።"

አሥራ አራት ዓመት ለእሱ ከጠዋት ጀምሮ ሆነ።

ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ መርፌዋን እየሰበሰበች ነበር። ትንሽ ልጅ ናት፣ ግን አንደበቷ ይጣፍጣል።

"የድሮ የድሮውን ያውሩለት አባቴ" አለችኝ። "መጀመሪያ የሚጠፋው የቅርቡ ነው። የሩቁ ይቆያል።"

"የጠፋውስ የት ይሄዳል?"

"የነበረ ነገር እኮ መጋዘን ውስጥ እንደተቆለፈ ዕቃ አይደለም። ባስታወሱት ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚሠራው።" ግራ እንደገባኝ አየች። "አናጺ ነዎት አይደል? አንድ ጣውላ ደጋግመው ሲልጉት ምን ይሆናል?"

"ይሳሳል።"

"ይኸው።"

እሺ፣ ያን ሐሙስ እኔስ ስንት ጊዜ ልጌዋለሁ ብዬ አልጠየቅኳትም። ያኔ አልመጣልኝም።

ደብተር ገዛሁ። የማወራለትን ነገር በተራ ጻፍኩ። ቤት ከመሠረት ነው የሚጀመረው፤ እኔም ከልጅነት ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ሐሙስ ላደርሰው ነበር ሐሳቤ። ሐሙስ ላይ ስንደርስ "አዎ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ይለኛል። እኔም እቤቴ እገባለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ውሻችን ኮላ በልቶ አፉ የተጣበቀበትን አወራሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያ... ደገመው። ቃል በቃል። ልክ እንደ ድሮው፣ መጋዝ እንደያዘ ሰው።

ምላሴ ቀደመኝ።

"ያዝ" አልኩ።

ፊቱ ላይ ብርሃን መጣ። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

በማግስቱ የአውራ ጣቴን ጠባሳ። መላጊያ እንዴት እንደበላኝ። ደገመ። "ያዝ።"

ከዚያ ትምህርት ያቆምኩበትን ቀን። ደገመ። "ያዝ።"

በአራተኛው ቀን ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሚስቱን በስሟ ጠራት።

"አንተ መድኃኒት ነህ" አለችኝ።

በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ እቤቴ ሄድኩ። ደብተሬን ገለጥኩ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ጠማማ ፊደል፣ እንዲህ ይላል።

"ውሻው ኮላ የበላ ቀን።"

ጎኑ ላይ አልፏል የሚል ምልክት አድርጌበታለሁ።

የምን ውሻ?

ቆየሁ። አሰብኩ። ውሻ ነበረን እንዴ?

ዕድሜ ነው፣ አልኩ።

አሁን ስለ ውሻው የነገርኳችሁን ከደብተሩ አንብቤ ነው። የጠባሳውንም እንዲሁ።

ዓርብ ዕለት ወንድሜ ራሱ ጀመረ። "ትምህርት ያቆምኩ ቀን" አለ፣ "ከሰጋቱራው ክምር ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ። ሰጋቱራው ጉንጬ ላይ ተጣበቀ። ለማንም አልተናገርኩም።"

ወንድሜ ትምህርት አላቆመም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል።

"ማነው ያለቀሰው ጋሼ?"

"እኔ ነኛ።"

ይህን ሲለኝ አውራ ጣቱን ያሻል። ምንም የሌለበትን፣ ደህናውን ጣቱን። እንደሚያመው ሰው።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን በዚያው ሰሞን ማልቀስ ጀመረ። እንደ ሕፃን።

"ሚስማር... እማዬ ምን ትመስል ነበር?"

እጄን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፍኩ።

"ፊቷ የለም። እፈልጋለሁ፣ የለም። ባዶ ግድግዳ ነው።"

ጠላቴ ነው። በአሥራ አንድ ሰው ፊት አዋርዶኛል። ግን አንድ እናት ናት የወለደችን፤ ምን ላድርግ?

ሰጠሁት። መጀመሪያ ድምጿን፣ ልብስ ስታጣጥፍ እንዴት እንደምታንጎራጉር። በማግስቱ ፊቷን። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ስትቆጣ አንዱ ዓይኗ እንዴት እንደሚጠብ... እነዚህም ደብተሩ ላይ አሉ። እየደገመ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

"ያዝ" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቴ ሸሚዜን ስትተኩስ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየሁ። መልኳ ደስ የሚል ሴትዮ። ሻሽ ያሰረች።

"ይቺ አክስትሽ ናት?" አልኳት ሚስቴን።

ሳቀች። "ቀልድህ ደግሞ በጠዋቱ።"

"አይ የእውነት። ከየት ነው ያመጣሻት?"

ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳችው። ጨርቁ መሽተት እስኪጀምር ድረስ እያየችኝ ቆመች።

"እናትህ ናት" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

ያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ወንድሜ ቤት የሄድኩት በሩጫ ነው።

ግቢው ውስጥ ስገባ ከክፍሉ የሴት ማንጎራጎር ይሰማል። ቀስ ያለ፣ ሥራ እየሠራች እንደምታንጎራጉር ሴት። የወንድሜ ሚስት ግን ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷን አቅፋለች።

"እንግዳ አላችሁ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

"አላወቅከውም?"

"ማንን?"

"ድምፁን። የእማማን ድምፅ።" ወደ በሩ ጠቆመች። "ከጠዋት ጀምሮ ነው... ውስጥ እሱ ብቻ ነው ያለው።"

ሰማሁ። ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። ደስ የሚል ድምፅ ነው። የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው።

በሩን ስከፍት ማንጎራጎሩ ቆመ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ፀሐዩ ጭኑ ላይ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ከጫፍ እያገናኘ ያጣጥፋል።

"ጋሼ፣ መልስልኝ።"

"ምኑን?"

"የሰጠሁህን። እማዬን። አንተ ጥራ፣ እኔ ልድገም። ከዚያ 'ያዝ' በለኝ።"

እንቢ አላለም። ከልቡ ሞከረ፤ ይህን ልመስክርለት። ግንባሯን ጠራ፣ ደገምኩ። ቅንድቧን ጠራ፣ ደገምኩ። "ያዝ" አለኝ። ሦስት ጊዜ አለኝ፣ እጄን ይዞ።

ቃሉ ደረሰኝ። ፊቷ አልደረሰኝም። አንድ ሰው ስለ እናቱ ያወራልኝ ያህል ነው።

"እኔ ቆራጭ ነኝ" አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። "መጥራት አላውቅበትም።"

ውጭ አንድ ሰው ሚስማር ይመታል። ሁለት... ሦስት... አራት።

"ሚስማር" አለኝ።

"አቤት።"

"አንድ ነገር በድዬሃለሁ።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"ምን እንደሆነ አላውቅም" አለ። "ግን አለ። ስታየኝ ዓይንህ ላይ አየዋለሁ። ሁሉን ስትነግረኝ እሱን እየዘለልከው ነው።" ጠጋ አለኝ። ትንፋሹ ጉንጬ ላይ ይሰማኛል። "ይቅርታ ልልህ እፈልጋለሁ። ግን ያላወቅኩትን እንዴት ይቅርታ እላለሁ? ንገረኝ።"

"ይቅር ጋሼ።"

"ንገረኝ። አንድ ሐሙስ ነው አይደል? ጠርዙ ይታየኛል። እማዬ ተኝታለች። አንተ ሜትር ይዘህ ከአጠገቧ ተንበርክከሃል። አንድ ቁጥር አለ..."

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ቁጥሩን ብቻ። እሱን ብትጠራልኝ የቀረው ራሱ ይመጣል። ያኔ ጥፋቱ የእኔ ነበር እልሃለሁ። በሚስቴ ፊት። ከፈለግክ በሰፈሩ ሁሉ ፊት።"

ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀ። ድሮ በሥራ ቤቱ ውስጥ ቁጥር ሲጠብቅ እንደሚያደርገው።

አስቡት እንግዲህ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ከፊቴ ነው። አፌን መክፈት ብቻ ነው የቀረኝ። ደግሞስ ቢሄድ ምን አለበት? ስድቡም አብሮ ይሄድልኛል። ያ ሐሙስ፣ ያ ጃንጥላ፣ ያ የአክስቴ ባል ሳል... አንድ ቀን እንኳ ሳልቃጠል ተኝቼ እነሳ ነበር።

ግን ስድቡና እናቴ የተሰቀሉት አንድ ሚስማር ላይ ነው። እሱን ስነቅል ሁለቱም ይወርዳሉ።

ፊቷን ሰጥቻለሁ። ድምጿን ሰጥቻለሁ። የቀረችኝ እናት ያቺ ናት፤ ከግንባሯ እስከ ተረከዟ፣ አንድ ቁጥር። በትክክል ልጥራው፣ ተሳስቼ ልጥራው... ከዚያ ሁሉ መላግ በኋላ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ይኸው ጻፍኩት። ብቻ የእኔ ነው። ከሰጠሁት፣ ይቅርታ ሲለኝ "ለምኑ?" ብዬ የምጠይቀው እኔ እሆናለሁ።

"ስንት አልከኝ?" አለ ወንድሜ።

ተነሳሁ።

"ሚስማር... ስንት አልከኝ?"

በመጨረሻው ላይ ድምፁ የእሱ አልነበረም። የሴትዮዋ ነበር። በስሜ ጠራችኝ፤ በሚስማር ሳይሆን ስወለድ በወጣልኝ ስም፣ አሥራ አራት ዓመት ማንም ባልጠራኝ አጠራር ይመስለኛል። አላወቅኳትም። ሰውነቴ ግን ያወቃት ይመስል አቤት ልል ነበር፤ ጥርሴን ነከስኩ።

ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት ከደረጃው ብድግ አለች። "ምን አለህ? ምን ሆንክ?" አለችኝ። አፌን ከከፈትኩ የሚወጣውን አውቃለሁ።

መንገድ ላይ ቁጥሩ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። እንደገና መጣ። አፌን በእጄ ልይዝ ስል እጆቼ እንቢ አሉኝ።

ዝቅ ብዬ አየኋቸው።

ሁለቱ መዳፎቼ ደረቴ ፊት ለፊት ተራርቀው፣ እርስ በርስ እየተያዩ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሰው ቁመት በሁለት መዳፍ መሐል አይገባም። ይህ ቁመቷ አይደለም። ያን ሐሙስ ለሳጥኗ በመዳፌ የለካሁት ነው፤ ያልተጠራ፣ ያልተደገመ፣ ማንም ያልያዘው። የትከሻዋ ስፋት።

እንደዚያው ሆኜ ሄድኩ። ሰው እያየ መንገድ ለቀቀልኝ። አንገቱ ላይ የማስቲካ ካርቶን ያንጠለጠለ ጀብሎ ሻጭ "ጋሼ ምን ተሸክመህ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ዞር ብዬ አላየሁትም።

እጆቼ መሐል ምንም የለም። ደጋግሜ አየሁ፣ ምንም የለም፤ መንገዱ ነው የሚታየው።

ግን ይከብዳል።

ደግሞ... በየእርምጃዬ ቀስ ብሎ ወደ ደረቴ ይደገፋል።

"ጋሼ፣ ማንን ነው የያዝከው?" አለኝ ሻጩ ከኋላዬ። አሁን አይስቅም።

ሄድኩ።